እማዬ እስከ ፋሲካ እንግሊዝ ልትቆይ ነው፣ የእህቴ አማቶች አንግሊካን ናቸው። የምታውቁ ንገሩን

የከዚራ_ልጅ
ጥቅምት 8፣ 2018

ሰላም ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ በየአገሩ የተበተናችሁም። እህቴ እንግሊዝ አገር አግብታ ኖርፎክ የሚባል ገጠር ነው የምትኖረው። ልትወልድ ነው። እማዬ ልታርሳት በጥቅምት መጨረሻ ትሄዳለች፣ እስከ ፋሲካ ትቆያለች። የባልየው ቤተሰብ አንግሊካን ናቸው፣ የስም ሳይሆን የምር። አማቷ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኃላፊነት ያላቸው ሴትዮ ናቸው፤ ቁልፉም እሳቸው ጋ ነው፣ አበባውም እሳቸው ጋ ነው። እሁድ እሁድ እማዬን ይዘዋት ሊሄዱ ከአሁኑ ተዘጋጅተዋል።

እማዬ ደግሞ ቁልቢን ብዙ ጊዜ ከድሬ በእግሯ የሄደች ሰው ናት። ጾም አትገድፍም። «ሰው ጋብዞኝ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ መሄዱ ደግሞ ያስፈራኛል» ትላለች። የእኛ አገር ጴንጤ ዓይነት ናቸው ወይስ እንደ ካቶሊክ? በዓላቸው ምን ይመስላል? በጾም ምን ትብላ? እኔም ከእሷ የተሻለ አላውቅም።

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 8

አቦ ለዚህማ እኔ አለሁ። የሐረር ልጅ ነኝ፣ ኖርዊች ከተማ በነርስነት ሠርቻለሁ፣ የምኖረው ግን ወጣ ያለ መንደር ነበር። ጎረቤቴ የነበሩ አሮጊት እሁድ ጠዋት በሬን ያንኳኩና «ትመጫለሽ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ሄድኩ፣ ከዚያ ወዲያ ፈረቃ ካልያዘኝ አልቀርም ነበር። ተዋሕዶነቴ ግን እንዳለ ነው።

ከጴንጤም ከካቶሊክም ጋር አታመሳስሉት፣ ከሁለቱም አለበት። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1534 ከሮም ከተለየ በኋላ ጳጳሱም ቄሱም ዲያቆኑም ቀጥሏል፣ ሊቀ ጳጳሱ ካንተርበሪ ነው። የታተመ የጸሎት መጽሐፍ አላቸው። መጀመሪያ የወጣው በ1549 ነው፣ ዛሬም የሚጸለይበት የ1662ቱ እትም ነው፣ በ2000 ደግሞ በዘመኑ እንግሊዝኛ ሌላ ጨመሩ (ይሄ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ ቅዳሴው የተጻፈ ነው። ካህኑ ይላል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። እናትህ እንግሊዝኛው ባይገባት እንኳ የት ጋ እንደደረሱ ታውቀዋለች፤ ንባብ አለ፣ ወንጌል አለ፣ ጸሎተ ሃይማኖት አለ፣ አባታችን ሆይ አለ፣ ቁርባን አለ።

ሕንፃው ሌላ ነገር ነው። ኖርፎክ ውስጥ ከ600 በላይ የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እያንዳንዱ ሚጢጢ መንደር ማማ ያለው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለው። ያምራል፣ ግን ይበርዳል። ይበርዳል ስላችሁ የድሬ ሰው አይገባውም። ካፖርት ሳይወልቅ ነው የሚቀደሰው። ጫማ አይወልቅም፣ ወንድና ሴት አብሮ ይቀመጣል፣ ወለሉ ላይ የመቃብር ድንጋይ አለ፣ ሰው ረግጦት ያልፋል። ነጠላዋን ብትለብስ ማንም ምንም አይላትም፣ እንዲያውም ያደንቁላታል። አንዳንዱ ውሻውን ይዞ ይገባል። ይሄን ቀድማችሁ ንገሯት፣ ከበር እንዳትመለስባችሁ።

ገጠር ላይ አንድ ቄስ ብዙ መንደር ነው የሚያገለግለው፣ ስለዚህ አንዱ እሁድ እዚህ፣ ሌላው እሁድ እዚያ። ቄሱ ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ከ1994 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሴቶችን ቅስና ይሾማሉ። ሲያልቅ ሰው አይበተንም። ኋላ በኩል ሻይና ብስኩት አለ፣ ዋናው ጨዋታ እዚያ ነው። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ መጣ፣ ጣሪያው ስንት ይፈጃል። ግድግዳው ላይ ተራ የተጻፈበት ወረቀት ታገኛላችሁ፣ አበባ የማን፣ ንባብ የማን፣ ሻይ የማን። ወረቀቱን ካያችሁት ያው አምስት ስድስት ሴቶች ናቸው ሁሉንም የሚሠሩት። የእህትህ አማት ከእነሱ አንዷ ናቸው ማለት ነው።

ሳቢያን_ሠፈር
ጥቅምት 8

እኔ ወንጌላዊ ነኝ፣ ሳልሸፋፍን ልናገር። የሰማሁት ባዶ አዳራሽ፣ ሽማግሌና ኦርጋን ብቻ እንደሆነ ነው። በሥርዓት የታሰረ ነገር መንፈስ የለበትም። እናትህ ብትሄድም ባትሄድም ምንም አይለውጣትም።

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 8

@ሳቢያን_ሠፈር ሽማግሌ መብዛቱ እውነት ነው፣ ገጠር ላይ በተለይ። የቀረው ግን እንደ ቦታው ነው። አንግሊካን ውስጥ ዕጣን የሚያጥኑ፣ ቅዳሴያቸው ከካቶሊክ የማይለይ አሉ። እንዳንተ በጊታርና በፕሮጀክተር የሚዘምሩ፣ እጅ ዘርግተው የሚጸልዩም አሉ። ሁሉም አንድ ጳጳስ ስር ነው። አስር ሰው ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ለታመመ ጎረቤቱ በስም ሲጸልይ አይቻለሁ፣ ማክሰኞ ደግሞ ሾርባ ይዘውለት ሲሄዱም አይቻለሁ። መንፈስ የለበትም ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ባሮ_ዳር
ጥቅምት 9

እኔ ሐረማያ ተማሪ ነኝ፣ ከጋምቤላ። ክሩን ሳነብ ሳቅኩ። አንግሊካን ለማየት እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ እኔ ራሴ አንግሊካን ነኝ!

ጋምቤላ ላይ ብዙ ነን። አኙዋክ፣ ኑዌር፣ ዲንካ፣ ኦፖ፣ ከደቡብ ሱዳን በጦርነት የተሰደዱ ወገኖቻችንም አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የሳር ጎጆ ወይም የቆርቆሮ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ኦርጋን የለም፣ ከበሮ ግን አለ። ዝማሬው ሲሞቅ ቁጭ የሚል የለም። ቋንቋው የየብሔሩ ነው፣ ከተማ ላይ ተደባልቆ ሲጸለይ አንዱ ያነባል ሌላው ይተረጉማል፣ ስለዚህ እሁድ ረጅም ነው። @ሳቢያን_ሠፈር አንድ እሁድ ና፣ ስለ ባዶ አዳራሽ ያኔ እንነጋገራለን።

የካህናት ማሠልጠኛችን ስሙ ቅዱስ ፍሬምናጦስ ነው። አዎ፣ የእናንተው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። ከ2020 (በፈረንጅ) ጀምሮ ደግሞ እኛ፣ ግብፅና ሰሜን አፍሪካ አንድ ላይ የእስክንድርያ አውራጃ ተብለን ራሳችንን ችለናል። በዓለም ላይ አንግሊካን የበዛው አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ናይጄሪያን ኡጋንዳን ኬንያን አስቡ።

ለእናትህ ደግሞ አንድ ነገር። እዚያ የእናቶች ኅብረት የሚባል ማኅበር ካለ እንዲያስተዋውቋት እህትህን ጠይቃት። በ1876 (በፈረንጅ) እንግሊዝ ውስጥ ሜሪ ሳምነር የምትባል የቄስ ሚስት የጀመረችው ነው። እኛ ጋ ቤተ ክርስቲያኑን ተሸክሞ የያዘው እሱ ነው። እናቴ አባል ናት፣ ሐዘን ቤት ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው፣ ወንዶቹ ኋላ ነው የምንመጣው።

መጋላ_ሰዒድ
ጥቅምት 9

እኔ ሙስሊም ነኝ ግን ይሄ ክር ደስ ብሎኛል ወላሂ። እኛ ሰፈር ለገና ጎረቤት ለኛ ብሎ ለብቻ በግ ያሳርዳል፣ አራጁን ከእኛ ይጠራል፣ ድስቱንም ይለያል። እኛም ለዒድ ጾም ላይ ያለ ጎረቤት ካለ ምስር ይሠራል። ድሬ ያደገች እናት በሰው አምልኮ ቤት እንግዳ መሆን አዲስ አይሆንባትም፣ አትጨናነቁ። ስለ ምግቡ ግን ንገሩን፣ እኔ የመጣሁት ለሱ ነው።

ቀሲስ_ያልሆነ_ዲያቆን
ጥቅምት 9

መሄድና መቁረብ ለየቅል ናቸው። እንግዳ ሆና ብትቀመጥ፣ ብታዳምጥ፣ አንገቷን ብትደፋ ማንም አይፈርድባትም። ቁርባኑ ላይ ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከእነሱ ጋር በምሥጢራት አንድ አይደለችም። እነሱ የተጠመቀ ክርስቲያንን በደስታ ያቆርባሉ፣ ስለዚህ «ነይ» ሊሏት ይችላሉ፣ ክፋት የለበትም፣ ሥርዓታቸው ነው። እሷ ግን ባትወስድ ነው ደጉ። ሌላውን የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፣ ከእኔ ከስክሪን ላይ ከተሰቀልኩት ሰው ይልቅ።

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 9

@ቀሲስ_ያልሆነ_ዲያቆን በትክክል። ለዚህም መላ አላቸው። ሰው ወደ መንበሩ ሲሄድ አብራ ሄዳ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አመሳቅላ ብትንበረከክ ካህኑ ራሷ ላይ እጁን ጭኖ ይባርካታል፣ ምንም አይሰጣትም። ወይም ወንበሯ ላይ ትቀመጥ፣ ዞሮ የሚያያት የለም። ከዚያ በፊት «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ሲባል ሰው ሁሉ እየተነሣ ይጨባበጣል፣ እዚያ ላይ እናትህ አገላብጣ እንዳትስማቸው፣ እንግሊዝ ትደነግጣለች። ወይም ትሳማቸው፣ ይልመዱት።

የከዚራ_ልጅ
ጥቅምት 9

ጉድ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። @ባሮ_ዳር ይሄን ሁሉ ጋምቤላ ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር፣ ለእማዬ አነበብኩላት፣ «አባ ሰላማን ካወቁማ» አለች። አሁን በዓላቱን ንገሩኝ፣ እሷ የምትቆጥረው በኛ ነው።

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 10

ሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ ካሌንደር ከፍቼ ነው የጻፍኩት፣ አመስግኑኝ። ሁሉንም ወደ ዘንድሮ አቆጣጠራችን መልሼዋለሁ።

ጥቅምት 30 እሁድ በጦርነት ያለቁትን የሚያስቡበት ነው። ሁሉም ደረቱ ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ይሰካል። የመንደሩ ልጆች ስም አንድ በአንድ ይነበባል፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ጸጥ። ትንሽ መንደር ውስጥ ያ ሁሉ ስም ሲጠራ፣ የአንድ ቤተሰብ ስም ሲደጋገም፣ ያማል። እሷም የምታለቅስ ይመስለኛል፣ የእኛ እናቶች ስም ሲጠራ አይችሉም።

ኅዳር 15 እኛ ጾመ ነቢያት እንገባለን። እነሱ ለገና የሚዘጋጁበትን ጊዜ አድቬንት ይሉታል፣ ዘንድሮ ኅዳር 21 እሁድ ይገባል፣ የጽዮን ዕለት። አራት ሻማ ያለው የቅጠል አክሊል ይሠራሉ፣ በየእሁዱ አንድ ሻማ ይጨመራል፣ መካከል ላይ ያለው ነጭ ሻማ የገና ዕለት ይበራል። ድሮ ይጾሙት ነበር፣ አሁን ግን በአድቬንት በየቤቱ ኬክ ነው፣ በየቢሮው ኬክ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ስኳር ያለበት ትንሽ ኬክ ይዘው ይጠብቋታል። ዛሬውኑ ለእህትህ ንገራት፣ አማቷ «ቪጋን» የሚለውን ቃል ያውቁታል፣ እናቴ እስከ ታኅሣሥ 28 ቪጋን ናት ትበል፣ በቃ። ጾም ብለው ሲያስረዱ «ዓሳ ትበላለች?» «ትንሽ ቅቤስ?» እያለ ይቀጥላል፣ ቪጋን ሲባል ግን ሱቁ ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል።

ለልጆች ክሪስቲንግል የሚሉት አለ። ብርቱካን ላይ ቀይ ሪባን ይጠመጠማል፣ ጣፋጭ የተሰካባቸው አራት ስንጥሮች ይተከላሉ፣ አናቱ ላይ ሻማ። ብርቱካኑ ዓለም ነው፣ ሪባኑ ደሙ ነው፣ ሻማው ክርስቶስ ነው። አንግሊካን ውስጥ የገባው በ1968 (በፈረንጅ) ነው፣ ብዙ ሰው ግን የጥንት ይመስለዋል። መብራት ጠፍቶ ሕፃናቱ ሻማቸውን ይዘው ሲዞሩ ደስ ይላል፣ የአንዷ ፀጉር እንዳይያያዝ ደግሞ ሰው ሁሉ በጭንቀት ያልቃል።

ገናቸው ታኅሣሥ 16 ነው፣ እኛ ጾም ላይ ሆነን። በዋዜማው እኩለ ሌሊት ቅዳሴ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይመጣ ሰው ያን ሌሊት ይመጣል። በፊቱ ደግሞ ንባብና መዝሙር እየተፈራረቀ የሚሄድበት ማታ አለ፣ ዘጠኝ ንባብ ነው፣ ካምብሪጅ የሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ከ1918 (በፈረንጅ) ጀምሮ በየዓመቱ የሚያደርገውን ዓለም በሬዲዮ ይሰማዋል። እንግሊዝኛ ባይገባትም እሱ አያምልጣት። የገና ምሳ ላይ ዋናው ትልቁ ዶሮ ነው፣ ተርኪ የሚሉት። ለሷ ድንችና ካሮት አለ እንዳትሉ፣ ድንቹ ራሱ በዝይ ስብ የሚጠበስበት ቤት አለ። ለብቻ በዘይት ይጠበስላት።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ። እሷ ልቧ ቁልቢ ነው የሚሆነው፣ አውቃለሁ። በእነሱ መዝገብ ያ ቀን ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት መታሰቢያ ነው። ጥምቀታችን ጥር 11 ነው፣ የእነሱ ኤጲፋንያ ደግሞ የእኛ ገና ዋዜማ ላይ ይውላል፣ ሰብአ ሰገል የመጡበት ብለው ነው የሚያከብሩት፣ ውኃ ዳር መውረድ ለምደው አያውቁም። ጥር 25 ሻማ ይባርካሉ፣ ጌታ በአርባ ቀኑ ቤተ መቅደስ የገባበት ነው፣ እኛ የካቲት 8 ስምዖንን የምናስበው ማለት ነው። እነሱም እኛም ከገና አርባ ቀን ቆጥረን ነው፣ መነሻችን ነው የተለያየው።

ቀጥሎ ያለው ዘንድሮ አስቂኝ ነው። ዐቢይ ጾማችን ሰኞ የካቲት 9 ይገባል። የእነሱ ቅበላ ማክሰኞ የካቲት 10 ነው፣ እንቁላሉ ወተቱ ቅቤው ከጾም በፊት ይለቅ ተብሎ ቤቱ ሁሉ ፓንኬክ ይጋግራል። እሷ በጾሟ ሁለተኛ ቀን የቅቤ ሽታ ውስጥ ትውላለች፣ አይዟት። በማግስቱ ረቡዕ ቄሱ ግንባራቸው ላይ በአመድ መስቀል ያደርግላቸዋል፣ አመዱ ያምናው የሆሳዕና ዘንባባ ተቃጥሎ ነው። ከነሱ የምሩን የሚጾም አለ፣ አብዛኛው ግን ቸኮሌት ወይም አልኮል ይተዋል። «ለጾም ምን ተውሽ?» ብለው ቢጠይቋት ዝርዝሩን ስትነግራቸው ወንበር ይያዙላቸው።

መጋቢት 6 ግን አያምልጣት። የጾሙ እኩሌታ እሁድ ነው፣ በኛ ደብረ ዘይት የሚውልበት። የእናቶች እሁድ ይሉታል፣ ልጆች ትናንሽ የአበባ እቅፍ እየያዙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላለች ሴት ሁሉ ይሰጣሉ። ልጅ የሞተባትም ያልወለደችም አትቀርም፣ ለሁሉም ይሰጣል። እኔ ያን ዕለት ያገኘሁትን አበባ መጽሐፍ ውስጥ አድርቄ አስቀምጬዋለሁ።

ፋሲካቸው መጋቢት 27 ነው፣ የእኛ ሆሳዕና። እነሱ ተነሥቷል ሲሉ እሷ ገና ዘንባባ ልታስር ነው።

መጋላ_ሰዒድ
ጥቅምት 10

ቆይ ቆይ። «እስከ ፋሲካ» አልክ፣ ለየትኛው ፋሲካ ነው ትኬቱ የተቆረጠው?

የከዚራ_ልጅ
ጥቅምት 10

😂 መጋቢት 30 ነው የምትመለሰው። የእነሱን አይታ፣ ለእኛው ሕማማት ትደርሳለች፣ ፋሲካን ድሬ ትፈታለች። ዶሮው ከአሁኑ ታዝዟል።

ሰንጋ_በር
ጥቅምት 11

ስለ ጦርነቱ መታሰቢያ አንድ ልጨምር። ሐረርን በ1933 መጋቢት ከጣሊያን የነጠቀው የእንግሊዝ ጦር ነው ይባላል፣ ወደ ከተማው የገቡት ግን የናይጄሪያ ወታደሮች ነበሩ። አባቴ ልጅ ሆኖ አይቷቸዋል። እናትህ ኖርፎክ ላይ ስሞቹ ሲነበቡ የነሱንም በልቧ ታስብልኝ።

ሌላው ግን፣ ይቅርታ፣ ደስ ባይላችሁም ልናገር። እነዚህ ሰዎች በመቅደላ ጊዜ የወሰዷቸውን ታቦታት መቼ ነው የሚመልሱት? ልዑል ዓለማየሁስ ዊንዘር ቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ነው የተቀበረው። ስለ ብርቱካንና ሻማ ስናወራ ይሄም ይነሣ።

ባሮ_ዳር
ጥቅምት 11

@ሰንጋ_በር ልክ ነህ፣ ይነሣ። ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት 11 ታቦታት የቤተ ክርስቲያን አይደሉም፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗን የሚመለከተው ዌስትሚንስተር አቢ መንበር ውስጥ የታሸገው ነው፣ በ2016 (በኛ) ሊመልሱት በመርሕ ደረጃ መወሰናቸውን ተናግረዋል። ኤደንብራ ላይ ደግሞ የስኮትላንድ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ታቦት አግኝቶ ምን እንደሆነ ሲያውቅ ቤተ ክርስቲያኑ መለሰው። በ1994 (በኛ) አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው ታስታውሳለህ። ያ ቄስ አንግሊካን ነው። አንዱ የወሰደውን አንዱ መልሷል ለማለት ያህል ነው፣ የቀረው ይመለስ ማለቱን እኔም አብሬህ እላለሁ።

ሳቢያን_ሠፈር
ጥቅምት 11

እሺ ጋምቤላውን አምኛለሁ፣ ልመጣም እችላለሁ። ግን ባለፈው ወር ሴት ሊቀ ጳጳስ ሰየሙ አይደል እንዴ? እናንተ አፍሪካውያኑ እሱን ተቀበላችሁ?

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 11

ሳራ ሙላሊ፣ መስከረም 23 ነው የተነገረው። ነርስ ናት! የእንግሊዝ የነርሶች ሁሉ ዋና ኃላፊ ነበረች፣ እዚያው ሥራ ላይ እያለች ነው ቅስና የተቀበለችው። ሃይማኖቱን እናንተ ተከራከሩበት፣ እኔ እንደ ሙያ ባልደረባዬ ኮርቻለሁ።

ባሮ_ዳር
ጥቅምት 11

አፍሪካ ውስጥ ብዙ ጳጳሳት አልተቀበሉትም፣ በግልጽ ተናግረዋል። የተቀበሉም አሉ። የቤተሰብ ጠብ ነው፣ እኔ እዚህ ክር ላይ አልፈታውም።

የከዚራ_ልጅ
ጥቅምት 13

እውነቱን አሁን ልንገራችሁ፣ እማዬን እንቅልፍ የነሣት የእሁዱ ነገር አይደለም። ልጁ ነው። ወንድ ነው ተብሏል፣ የሚወለደው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። የእህቴ አማት የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክርስትና እንዲነሣ ቀን ሁሉ አስበዋል፣ ባልየው የተጠመቀበት የድንጋይ ገንዳ አለ አሉ፣ አያቱም የተጠመቀበት። እህቴ ደግሞ በአርባ ቀኑ ለንደን ወስዳ በተዋሕዶ ልታስጠምቀው ትፈልጋለች። ለባሏ ነግራዋለች፣ ለአማቷ ግን አፏ አልፈታ ብሏል። ጭራሽ እኔን ከክርስትና አባቶቹ አንዱ እንድሆን ጠየቁኝ፣ ሦስት ያስፈልጋል አሉ። ምን ልበል?

ቀሲስ_ያልሆነ_ዲያቆን
ጥቅምት 13

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ እስካሁን ምን ይዞህ ነበር? «አንዲት ጥምቀት» ነው የምንለው። ሁለት ጊዜ አይጠመቅም፣ ሁለቱንም ለማስደሰት ተብሎ ሁለት ቦታ አይደረግም። ወላጆቹ ይወስኑ፣ ከወሰኑ በኋላ በአንዱ ይጽኑ። አንተም በሌላ ሥርዓት የክርስትና አባት ሆነህ ቃል ከመግባትህ በፊት የንስሐ አባትህን አማክር።

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 13

መውጫ አለ፣ ስሙኝ። እነሱም ጥምቀትን አይደግሙም። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም በውኃ የተጠመቀን ልጅ የተጠመቀ ብለው ይቀበሉታል፣ የእኛንም ያውቁታል። ስለዚህ በአርባ ቀኑ ለንደን ከተጠመቀ ቄሳቸው ራሱ «አይደገምም» ነው የሚለው፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ለአማቷ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይቀሩም። የጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ ተወለደ ልጅ ምስጋና የሚቀርብበት ራሱን የቻለ ሥርዓት አለ፣ ጥምቀት የሌለበት። ቄሱ ልጁን ይባርካል፣ ስሙ ይነገራል፣ ወንጌል ይሰጣል፣ መንደሩ ይሰበሰባል፣ ኬኩም አለ። እሁድ ቅዳሴ ላይም ይደረጋል። እዚያው ገንዳው አጠገብ ቆመው ፎቶ ይነሡ። የክርስትና አባት ነገርም አብሮ ይወድቃል፣ አንተ አጎቱ ሆነህ ትቀመጣለህ።

ግን ዛሬ ይነገራቸው። ልጁ ከተወለደ በኋላ፣ ካርዱ ከታተመ በኋላ አይሆንም። እንግሊዞች ቀድሞ የተነገራቸውን ነገር ይችላሉ፣ በመጨረሻ ደቂቃ የመጣውን ነው ዕድሜ ልክ የማይረሱት።

ሰንጋ_በር
ጥቅምት 13

እንግሊዞች ብቻ? እኛስ?

ባሮ_ዳር
ጥቅምት 14

@ጀጎል_ነርሷ ያለችው ትክክል ነው፣ እኛም ጋ አይደገምም። አንድ ብቻ፦ እህትህ ለአማቷ ስትነግር «የእናንተ አይበቃም» እንዳይመስልባት። በእናቷ ሃይማኖት ይጠመቃል፣ በእናንተ ቤት ይመሰገናል ትበል። የአንግሊካንና የምሥራቃውያኑ ኦርቶዶክስ (ኮፕቱ፣ ሶርያው፣ የእኛው ተዋሕዶ) ሊቃውንት በ2014 በፈረንጁ ስለ ክርስቶስ በጋራ ተስማምተው ፈርመዋል። ቄሱ የተማረ ከሆነ ያውቀዋል፣ ባያውቅ ጠቁሙት።

የከዚራ_ልጅ
ጥቅምት 17

እህቴ ነገረቻቸው። ትንሽ ዝም አሉ አለች፣ ከዚያ «ታዲያ ለንደን ስትሄዱ እኔ ምን ልልበስ?» ነው ያሉት። ነጠላ ከድሬ ይላክልኝ ብለዋል፣ ከፊራ ገበያ ወርጄ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ ገዝቻለሁ። ቄሷ (ሴት ናት) የምስጋናውን ጸሎት ለእናቶች እሁድ አድርገዋለች፣ መጋቢት 6። እማዬ ይሄን ስትሰማ ከአልጋዋ ተነሥታ ሽሮና በርበሬ ማዘጋጀት ጀመረች። የቀራት ጭንቀት እህቴ በወለደች በሳምንቱ «ከቤት ወጥተሽ ተንሸራሸሪ» ይሏታል የሚለው ነው።

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 17

ይሏታል፣ እመኑኝ፣ ገንፎውንም «ብዙ ቅቤ አለው» ይላሉ። እሱን እናትህ ትወጣዋለች፣ ለሱ ምክር አያስፈልጋትም። እኔ ግን የሻይ ተራ ላይ ስሟን እንዲያስገቡት እፈልጋለሁ። እኔ ተራዬ ሲደርስ የሐረር ቡና አፍልቼ አውቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ የእኔ ተራ የሆነ እሁድ ሰው ይበዛ ነበር። ዕጣኑን ግን ቄሷን አስፈቅደው ነው።

መጋላ_ሰዒድ
ጥቅምት 17

ቤት ውስጥስ ቡና ስትቆላ? እዚያ አገር ጭስ ሲሸት የሚጮኽ ነገር ጣሪያ ላይ አለ ይባላል። ፎጣ ይጣልበት አቦ።

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 17

አይሸፈንም! አራስ ያለችበት ቤት ነው። ወይ ወጥ ቤቱ መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ወይ ደጅ።

የከዚራ_ልጅ
ጥቅምት 17

በዚያ ብርድ ደጅ?

ጀጎል_ነርሷ
ጥቅምት 17

እንግዲያው ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆናትን እዚሁ ቆልታ ትሂድ፣ ሳይፈጭ። ጀበናዋን በጋቢ ጠቅልላ በእጇ ትያዝ፣ ከታች የሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገባው፣ ተሰብሮ ነው የሚደርሰው።